ምዕራፍ አምስት፦ ቮልቴጅ ሲወጣና ሲወርድ

በአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ውስጥ የሚያልፈውን ከረንት ሁለት ነገሮች ይወስኑታል፤ ዕቃው ላይ የሚደርሰው ቮልቴጅና የዕቃው የራሱ ጠባይ። ምዕራፍ ሁለት ቮልቴጅን እንደ ግፊት፣ ምዕራፍ ሦስት ደግሞ ከረንትን በሽቦ ውስጥ በየሰከንዱ እንደሚያልፍ ፍሰት አስተዋውቀዋል። ይህ ምዕራፍ የሁለቱን ዝምድና ይመለከታል። ቮልቴጅ በእጥፍ ሲያድግ ከረንትም በእጥፍ ያድጋል ወይ? አንዳንዱ ዕቃ ላይ አዎ። ሌላው ላይ እጥፍ ሳይሞላ ይቀራል። ጥቂት ቮልቴጅ ሲጨመርለት ከረንቱ አሥርና መቶ ጊዜ የሚዘልም አለ፤ ቮልቴጅ ሲወርድበት ጭራሽ ብዙ ከረንት የሚስብም አይጠፋም።

ይህን ልዩነት ለማየት ቤተ ሙከራ መግባት አያስፈልግም። በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከቤተል እስከ ዓለም ባንክ ባሉ ሰፈሮች «ዛሬ ኃይሉ ወርዷል» በሚባልበት ምሽት አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ነገሮች አብረው ይታያሉ። ምጣዱ አልግል ይላል። ቢጫው የድሮ አምፖል ይደበዝዛል። የኤልኢዲ አምፖሉ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ያበራል። ሦስቱም የሚያገኙት ቮልቴጅ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በጠባይ ነው። ያ ጠባይ ደግሞ ወረቀት ላይ በአንድ መስመር ሊሳል ይችላል። የምዕራፉ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፦ አንድን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሙሉ በሙሉ የሚገልጸው መስመሩ ነው፤ አንድ ነጠላ ቁጥር የሚበቃው ለጥቂት ዕቃዎች ብቻ ነው።

ሮቶና ቧንቧ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ብዙ ግቢ በብረት ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ አለው። ከሮቶው በሚወርደው ቧንቧ የሚያልፈው ውሃ በሁለት ነገር ይወሰናል። አንዱ የማማው ከፍታ ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። ሁለተኛው ቧንቧው ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም ወይም ዝገት የያዘው ከሆነ ውሃው እየተጎተተ ይወርዳል። የማማው ከፍታ በቮልቴጅ፣ በደቂቃ የሚወርደው ውሃ በከረንት፣ የቧንቧው እንቅፋትነት ደግሞ ሬዚስታንስ በሚባለው ነገር ይመሰላል። ሬዚስታንስ የሚለካው በኦም ነው።

ስለ አንድ ቧንቧ ሁሉን ነገር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሮቶውን አንድ ጊዜ ብቻ ሰቅሎ ውሃውን ቢለካ አይበቃውም። ማማውን ከፍ ዝቅ እያደረገ በየከፍታው ስንት ሊትር እንደወረደ መመዝገብ አለበት። ከፍታውን በአግድሙ፣ የውሃውን መጠን በቁሙ አድርጎ ነጥቦቹን ሲያያይዝ የቧንቧው ጠባይ ይታያል። በኤሌክትሪክም የሚደረገው ልክ ይኸው ነው።

ንጽጽሩ አንድ ቦታ ላይ ግን ይከዳል። ውሃ ሲያልፍበት ቧንቧው አይግልም፤ ከረንት ሲያልፍበት ሽቦ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ራሱ ሽቦው ይለወጣል። ከዚህ የሚመጣው መዘዝ ትንሽ ቆይቶ ይታያል።

አራት የባትሪ ድንጋይና ሁለት ቴስተር

ለሙከራው የሚያስፈልገው አራት የባትሪ ድንጋይ፣ ጥቂት ሽቦ፣ የሚለካው ዕቃና ሁለት ቴስተር ነው። ቴስተር ማለት የሬዲዮና የሞባይል ጠጋኞች ጠረጴዛ ላይ የማይጠፋው፣ ቮልቴጅንም ከረንትንም ሬዚስታንስንም የሚለካው መሣሪያ ነው። ሁለት ካልተገኘ አንዱን እያፈራረቁ መጠቀም ይቻላል። እያንዳንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ይሰጣል። አንዱን ከሌላው ኋላ በመደርደር 1.5፣ 3፣ 4.5 እና 6 ቮልት ይገኛል፤ ማማውን ደረጃ በደረጃ ከፍ እንደ ማድረግ ነው።

አያያዙ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከረንት የሚለካው ቴስተር በመንገዱ ላይ ይገባል፤ ሽቦው ተቆርጦ በቁርጡ መሃል ይቀመጣል፤ ከረንቱም በእሱ በኩል ያልፋል። ቮልቴጅ የሚለካው ግን መንገዱን ሳይቆርጥ ከዕቃው ግራና ቀኝ ይነካል። ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ እዚህ ላይ ነው። ከረንት ሲለካ የነበረ ቴስተር፣ ቀይ ሽቦው በአምፔሩ ቀዳዳ ውስጥ እንዳለ ቮልቴጅ ለመለካት ባትሪው ላይ ከተነካ የባትሪውን ሁለት ጫፍ በአቋራጭ ያገናኛል። ውስጡ ያለችው ፊውዝ ብትቃጠል ደግ ነው፤ ፊውዝ በሌለው ርካሽ ቴስተር ላይ የሚቃጠለው ቴስተሩ ራሱ ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ። የባትሪ ድንጋይ ከረንት ሲወሰድበት ቮልቴጁ ትንሽ ይወርዳል፤ አሮጌ ከሆነ ደግሞ በጣም ይወርዳል። ስለዚህ ቮልቴጁ መነበብ ያለበት ዕቃው ተያይዞ ከረንት እያለፈ ሳለ ነው። ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን 1.5 ዝም ብሎ መገልበጥ መስመሩን ያጣምማል።

ቀጥ ያለው መስመር

መጀመሪያ የሚለካው ሬዚስተር ነው። ከተበላሸ ሬዲዮ ወይም ቻርጀር ሰሌዳ ላይ የሚነቀል፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ ባለ ቀለም ቀለበት ዕቃ ነው። ቀይ፣ ቀይና ቡናማ ቀለበት በተከታታይ ካለበት 220 ኦም ነው ማለት ነው። በ1.5 ቮልት ወደ 7 ሚሊአምፔር ያሳልፋል፤ ሚሊአምፔር የአምፔር አንድ ሺህኛ ነው። በ3 ቮልት ወደ 14፣ በ4.5 ወደ 20፣ በ6 ቮልት ወደ 27 ሚሊአምፔር ይሆናል። ነጥቦቹ ወረቀት ላይ ሲቀመጡ ከዜሮ ተነስቶ በማስመሪያ የሚሰመር ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። ባትሪው ተገልብጦ ቢያያዝም ከረንቱ በተቃራኒው አቅጣጫ በዚያው ልክ ይሄዳል።

የዚህ ዓይነት ዕቃ በአንድ ቁጥር ይገለጻል። ቮልቴጁ ለከረንቱ ሲካፈል ሁልጊዜ ያው ቁጥር፣ ማለትም 220 ይመጣል። የሬዚስታንሱ መጠን ከፍ ያለ ከሆነ መስመሩ ይጋደማል፤ ዝቅ ያለ ከሆነ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ይህን ሕግ ያገኘው ጀርመናዊው ጌኦርግ ሲሞን ኦም ነው። በኮሎኝ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሳለ እ.ኤ.አ. በ1825 እና በ1826 ሙከራዎቹን አካሂዶ በ1827 በመጽሐፍ አሳተመ። ያስቸገረው ነገር በኮልፌ ምሽት ላይ ከሚያስቸግረው ብዙም አይርቅም፤ የኃይል ምንጩ አልረጋለትም። የዘመኑ ባትሪዎች በሙከራው መሃል እየደከሙ ልኬቱን ያበላሹበት ነበር። መፍትሔው ፖገንዶርፍ የተባለ ሌላ ሳይንቲስት የሰጠው ምክር ነበር፦ ባትሪውን ትቶ ሙቀትን መጠቀም። መዳብና ቢስሙት የተባለ ብረት ተያይዘው አንዱ መጋጠሚያ የፈላ ውሃ ውስጥ፣ ሌላው በረዶ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ነገር ግን የማይናወጥ ቮልቴጅ ይሰጣሉ። ውሃ እስከፈላና በረዶ እስካለ ድረስ ቮልቴጁ አይነቃነቅም። ከረንቱን የለካው ደግሞ በቀጭን ክር በተንጠለጠለች መግነጢሳዊ መርፌ ነበር፤ የጠነከረ ከረንት መርፌዋን የበለጠ ያዞራታል።

እግረ መንገድ፣ ሙከራው ኮልፌ ላይ ቢደገም ኖሮ የሚወጣው ቁጥር ትንሽ ያንስ ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ኮሎኝ ላይ ግን ወደ 100 ይጠጋል። የሙቀቱ ልዩነት ስለሚያንስ ቮልቴጁም ያንሳል፤ መስመሩ ግን ያው ቀጥ ያለ ሆኖ ይቀራል። የኦም ሥራ በአገሩ ለዓመታት ጆሮ ሳያገኝ ቆይቶ የብሪታንያው ሮያል ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ1841 የኮፕሊ ሜዳሊያ ሸለመው።

ምጣድና የመንደሩ መስመር

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲገለበጥ ከሸክላው ሥር ከመሃል ወደ ዳር እየተጠመዘዘ የሚሄድ ቦይ ይታያል። በቦዩ ውስጥ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ ሽቦ ተኝቷል፤ ከላዩ በጀሶ ተደፍኗል። ሽቦው ኒክሮም ይባላል፤ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ነው። የተመረጠበት ምክንያት ሲግል ቶሎ አለመበላቱ ብቻ አይደለም። ቀዝቃዛም ሆነ የጋለ፣ ሬዚስታንሱ የሚለወጠው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ምጣድ በሙሉ ግለቱም ቢሆን ቀጥ ያለ መስመር አለው ማለት ይቻላል፤ ያች የሩዝ ፍሬ የምታክል ሬዚስተር ገዝፋ እንደማየት ነው።

ሬዚስታንሱ 14 ኦም የሆነ ምጣድ ይወሰድ። በ220 ቮልት ወደ 15.7 አምፔር ይስባል። ምዕራፍ አራት ላይ እንደታየው ኃይል ማለት ቮልቴጅ በከረንት ሲባዛ ነው፤ ስለዚህ ምጣዱ 3,450 ዋት ገደማ ይወስዳል። ቤት ውስጥ ይህን ያህል የሚጎትት ሌላ ዕቃ እምብዛም የለም። ለምጣድ ለብቻው ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር የሚሰጠው፣ በዲቫይደር ላይ ሲሰካ ደግሞ ዲቫይደሩ የሚቀልጠው ለዚህ ነው።

አሁን ቮልቴጁ ይውረድ። በሕጉ መሠረት ከረንቱም በዚያው መጠን ይወርዳል። ኃይል ግን የሁለቱ ብዜት ስለሆነ ጉዳቱ ድርብ ነው፦ ቮልቴጁ በግማሽ ቢወርድ ከረንቱም ግማሽ፣ ኃይሉ ደግሞ ሩብ ይሆናል። ምጣድ ላይ ትንሽ የቮልቴጅ ጉድለት ጎልታ የምትታየው በዚህ የተነሳ ነው። ሊጡ በበቂ ያልጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስ ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል።

ቮልቴጁ ግን ከየት ነው የሚጠፋው? በክፍለ ከተማው ክልል ረጲ ላይ፣ ቆሼ ይባል በነበረው ሥፍራ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀ ከደረቅ ቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ አለ። ጎረቤቱ ያለ ሰው ከሩቅ ካለው የተሻለ ኃይል እንደሚያገኝ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ከጣቢያው የሚወጣው ኃይል የሚገባው ወደ ብሔራዊው መረብ ነው። የአንድ መንደር የምሽት ቮልቴጅ በአብዛኛው የሚበላሸው ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ቆጣሪው ባለችው አጭር መንገድ ላይ ነው። ሽቦውም ሬዚስታንስ አለውና የኦም ሕግ እሱንም አይምረውም።

የመስመሩ ሬዚስታንስ ደርሶ መልስ ግማሽ ኦም፣ ትራንስፎርመሩ የሚሰጠው ደግሞ 220 ቮልት ነው እንበል። አንድ ምጣድ ብቻ ሲጣድ 15 አምፔር ገደማ ያልፋል፤ መስመሩ ላይ 7 ወይም 8 ቮልት ይቀራል። ይህን ማንም ልብ አይለውም። ነገር ግን ነገ በዓል ነውና በዚያው መስመር ላይ አምስት ቤት አንድ ጊዜ ምጣድ ይጥዳል። አምስት ባለ 14 ኦም ምጣዶች ጎን ለጎን ሲያያዙ እንደ አንድ ባለ 2.8 ኦም ዕቃ ይሆናሉ። ከመስመሩ ግማሽ ኦም ጋር 3.3 ኦም ይመጣል። 220 ለ3.3 ሲካፈል 67 አምፔር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ መስመሩ ላይ የሚቀረው 33 ቮልት ነው፤ ለየቤቱ የሚደርሰው 187 ቮልት። እያንዳንዱ ምጣድ ከ3,450 ዋት ወርዶ 2,500 ዋት ገደማ ያገኛል። ቮልቴጁ የወረደው በመቶ 15 ነው፤ ሙቀቱ ግን በመቶ 28 ተቀንሷል። የመጀመሪያው ቤት አንድ ሰዓት ቆይቶ ብቻውን ቢጋግር ምጣዱ እንደ ወትሮው ይግልለታል። የመንደሩ እናቶች ጎህ ሳይቀድ የሚጋግሩት ይህን ስሌት ሳይሠሩ ነው።

የሚጎብጠው መስመር

ቢጫው አምፖል ውስጥ ያለው ክር ተንግስተን የተባለ ብረት ነው። ሲበራ ወደ 2,500 ዲግሪ ይደርሳል። ንጹሕ ብረት ሲግል ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ በዚህ ዓይነት ግለት ደግሞ ጭማሪው ብዙ እጥፍ ነው። ሮቶውና ቧንቧው የሚከዱት እዚህ ጋ ነው፤ ውሃ በበረታ ቁጥር ራሱን እያጠበበ የሚሄድ ቧንቧ ማንም አላየም።

ከመኪና ወይም ከባጃጅ የሚወጣ ባለ 12 ቮልት፣ 5 ዋት አምፖል ይህን በደንብ ያሳያል። በአራት የባትሪ ድንጋይ፣ ማለትም በ6 ቮልት፣ ወደ 0.29 አምፔር ይስባል። በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ላይ ቀጥ ባለ መስመር ቢሄድ ኖሮ 0.58 መሆን ነበረበት፤ የሚነበበው ግን 0.42 ገደማ ነው። ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ከረንቱ አንድ ተኩል ጊዜ እንኳ አልሞላም። በወረቀቱ ላይ መስመሩ ከዜሮ ቀጥ ብሎ ይነሳና እየቆየ ወደ ጎን ይጋደማል።

አንድ ቁጥር ብቻ እንዴት እንደሚያሳስት ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም። ባለ 60 ዋት የቤት አምፖል ጠፍቶ ሳለ በቴስተር ቢለካ ሬዚስታንሱ 60 ኦም አካባቢ ሊነበብ ይችላል። በዚህ ቁጥር የሚያሰላ ሰው አምፖሉ በ220 ቮልት ከሦስት አምፔር ተኩል በላይ ይስባል ይላል፤ ያ ደግሞ 800 ዋት ገደማ ነው። በርቶ ሳለ የሚያልፈው ግን 0.27 አምፔር ብቻ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሬዚስታንሱ ከ800 ኦም በላይ ሆኗል። ቴስተሩ አልዋሸም። የለካው ቀዝቃዛ ክር ነው። እውነትም ማብሪያው በተጫነበት ቅጽበት፣ ክሩ ገና ሳይግል፣ ከወትሮው አሥር ጊዜ የሚበልጥ ከረንት ለአፍታ ያልፋል። አሮጌ አምፖል በርቶ ሳለ ከሚቃጠል ይልቅ ሲበራ «ጭል» ብሎ የሚቃጠለው በዚያች አፍታ ነው።

በ187 ቮልት ምሽት ይህ አምፖል ከ60 ዋት ወደ 47 ዋት ገደማ ይወርዳል። ኃይል ያጣው ከምጣዱ ባነሰ መጠን ነው፤ ክሩ ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ስለሚቀንስ ጉድለቱን በከፊል ይክሳልና። ብርሃኑ ግን ለክሩ ግለት እጅግ ስስ ስለሆነ ከሙሉ ብርሃኑ የሚቀረው ከግማሽ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ያች ብርቱካናማ፣ የታመመች የምትመስል ብርሃን ከዚህ ትመጣለች።

በአንድ በኩል ብቻ የሚከፈት

እ.ኤ.አ. በ1874 ፈርዲናንድ ብራውን የተባለ ጀርመናዊ አንዳንድ የማዕድን ክሪስታሎች ከረንትን በአንድ አቅጣጫ አሳልፈው በሌላው እንደሚከለክሉ አስተዋለ። በቀጥታ መስመር ለለመደ ዓይን ይህ እንግዳ ነገር ነበር። የዛሬው ዳዮድ ከዚያ ቤተሰብ ነው። በማንኛውም ቻርጀር ውስጥ ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ሆኖ አንዱ ጫፉ ላይ ብርማ ቀለበት አለው። በውሃው ምሳሌ በማጠፊያ እንደተያያዘች ክዳን ነው፤ ውሃ ከአንዱ ወገን ሲገፋ ትከፈታለች፣ ከሌላው ወገን ሲገፋ ይበልጥ ጥብቅ ብላ ትዘጋለች።

ክዳኗ ስትከፈትም እንዲሁ አትከፈትም። ዳዮዱ ከባለ 220 ኦሙ ሬዚስተር ጋር በተከታታይ ተያይዞ በአንድ የባትሪ ድንጋይ ሲሞከር ወደ 4 ሚሊአምፔር ያልፋል። በአራት ድንጋይ 24 ሚሊአምፔር ገደማ ይሆናል፤ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ዳዮዱ ላይ የሚለካው ቮልቴጅ ግን በሁለቱም ጊዜ በ0.6 እና በ0.8 ቮልት መካከል ነው፤ ልዩነቱ አንድ አሥረኛ ቮልት እንኳ ላይሞላ ይችላል። መስመሩ ከ0.5 ቮልት በታች መሬት ላይ ተኝቶ ይቆይና ከዚያ እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከ60 እስከ 120 ሚሊቮልት በተጨመረ ቁጥር ከረንቱ አሥር እጥፍ ያድጋል። ባትሪው ሲገለበጥ ቴስተሩ ዜሮ ያነባል።

አየር ጤና ወይም ኮልፌ ገበያ አካባቢ ያለ ጠጋኝ የተበላሸ ቻርጀር ሲከፍት የሚያደርገው የዚህ መስመር አጭር ምርመራ ነው። ቴስተሩን የዳዮድ ምልክት ላይ ያዞራል። ሁለቱን ጫፎች ሲነካ 0.5 ወይም 0.6 ከተነበበ፣ ሽቦዎቹን ሲያቀያይር ደግሞ ምንም ካልተነበበ ዳዮዱ ደህና ነው። በሁለቱም በኩል ዜሮ አካባቢ ካሳየ ተበስቷል። በሁለቱም በኩል ምንም ካላሳየ ተቆርጧል። ነቅሎ ሌላ ይበይዳል።

ኤልኢዲ ብርሃን የሚሰጥ ዳዮድ ነው፤ ገደሉ ብቻ ራቅ ይላል። ቀዩ 1.8 ወይም 2 ቮልት ላይ፣ ነጩ 3 ቮልት አካባቢ ይነሳል። ይህ ገደል አደገኛ ነው። ቀይ ኤልኢዲ በአንድ የባትሪ ድንጋይ አይበራም፤ በሁለት ድንጋይ በቀጥታ ቢያያዝ ከሚገባው በላይ ከረንት ወስዶ ሊቃጠል ይችላል። በመካከል ያለችው የቮልቴጅ ሕዳግ ጠባብ ናት። ስለዚህ ከኤልኢዲ ጋር ሁልጊዜ ከረንቱን የሚገድብ ነገር ይያያዛል። በአራት ድንጋይ ላይ ያው ባለ 220 ኦም ሬዚስተር ይበቃል፦ ከ6 ቮልቱ 2 ለኤልኢዲው ሲሄድ 4 ለሬዚስተሩ ይቀራል፤ የሚያልፈውም 18 ሚሊአምፔር ነው። ሬዚስተሩ በቀጥተኛ መስመሩ የኤልኢዲውን ገደል ያለዝበዋል።

ቁልቁል የሚሄደው መስመር

አሁን ወደዚያ ኃይሉ በወረደበት ምሽት ያልደበዘዘው አምፖል። ብዙዎቹ የኤልኢዲ አምፖሎች ካርቶን ላይ 85–265 ቮልት የሚል ጽሑፍ ይገኛል። አምፖሉ ውስጥ፣ ከኤልኢዲዎቹ በስተኋላ፣ ቮልቴጁ ምንም ይሁን ምን ኤልኢዲዎቹ የሚፈልጉትን ከረንት የምትመጥን ትንሽ ሰሌዳ ተቀምጣለች። ባለ 10 ዋት አምፖል ከሆነ በ220ም በ187ም ቮልት 10 ዋቱን ይወስዳል። ኃይል የቮልቴጅና የከረንት ብዜት ነውና ቮልቴጁ ሲያንስ ከረንቱ መጨመር አለበት፤ በዚህ ምሳሌ በመቶ 18 ገደማ። ስለዚህ ከተለመደው ቮልቴጅ አካባቢ መስመሩ ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር ቁልቁል ይወርዳል። የሞባይልና የላፕቶፕ ቻርጀር፣ የዘመኑ ቴሌቪዥንም እንዲሁ ናቸው። ርካሽ የሆኑት አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖሎች ግን ይህች ሰሌዳ የላቸውም፤ እነሱ እንደ ቢጫው ይደበዝዛሉ። በኃይል መውረድ ጊዜ ጥሩውንና መናኛውን አምፖል መለየት ይቻላል።

ለመንደሩ መስመር ይህ ጠባይ ከምጣዱ የተገላቢጦሽ ነው። ቮልቴጅ ሲወርድ ምጣድ ፍላጎቱን ይቀንሳል፤ መስመሩ በዚያ ትንሽ ይተነፍሳል። ባይሆን ኖሮ አምስቱ ምጣዶች የሚያስቀሩት 33 ሳይሆን ወደ 40 ቮልት ይጠጋ ነበር። ቻርጀርና ኤልኢዲ ግን መስመሩ በደከመ ጊዜ የበለጠ ይስባሉ። የሚወስዱት ጥቂት በመሆኑ እስካሁን ብዙም አይጎዳም።

ረጅሙ ፍሎረሰንት ከዚህም የባሰ ነው። በውስጡ ያለው ጋዝ አንዴ ከረንት ማሳለፍ ከጀመረ ከረንቱ ሲጨምር የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ይቀንሳል፤ ልጓም ካልተበጀለት ራሱን እስኪያጠፋ ይጋልባል። ልጓሙ ባላስት የምትባለው ከባድ ጥቅል ናት።

የሰው አካል

ከሚለኩት ሁሉ መለካት የሌለበት አንድ አለ፤ የሰው ገላ። ገላም የራሱ መስመር አለው፤ ቀጥ ያለም አይደለም። ደረቅ ቆዳ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ብዙ ሺህ ኦም ስላለው የመኪና ባትሪን በደረቅ እጅ የነካ ሰው ምንም አይሰማውም። ቮልቴጁ ሲያድግ ግን ቆዳው እንደ መከላከያ መሥራቱን ያቆማል። በ220 ቮልት ከእጅ ወደ እጅ ያለው ሬዚስታንስ ከአንድ ሺህ ኦም ብዙ ላይርቅ ይችላል፤ የሚያልፈው ከረንት ከ150 ሚሊአምፔር ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው። እርጥብ እጅ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሕይወት ለማዳን ተብለው የሚገጠሙት ብሬከሮች የሚቆርጡት 30 ሚሊአምፔር ወደ መሬት ሲፈስ ነው። ባለ 12 ቮልቱ ስላልጎዳ ባለ 220ው ሃያ እጥፍ ያህል ብቻ ይብሳል የሚል ስሌት ቀጥ ባለ መስመር የተሠራ ስለሆነ የተሳሳተ ነው። በዚህ ምዕራፍ በእጅ የሚሠሩት ልኬቶች በባትሪ ብቻ የተወሰኑትም ስለዚህ ነው፤ የምጣዱና የቤት አምፖሉ ቁጥሮች የተገኙት በስሌት ነው።

ፍሪጅና የውሃ ፓምፕ በዚህ ምዕራፍ አልተካተቱም። በውስጣቸው ያለው ሞተር ቆሞ ሳለና እየተሽከረከረ ሳለ የሚስበው ከረንት ፈጽሞ የተለያየ ስለሆነ መስመሩ በቮልቴጅ ብቻ አይሳልም። ቮልቴጅ ሲወርድ መነሳት አቅቶት እያጉረመረመ የሚግል ፍሪጅ፣ ስታብላይዘርም የሚያደርግለት ነገር፣ የምዕራፍ ስድስት ጉዳይ ነው።